የካ፦ ድንጋዩ፣ ነዋሪውና ገደል መውጣት
በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የዐለት መውጣት ዕድልና ገደቡ

አኅጽሮት

ይህ አጭር ጽሑፍ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ምሥራቅ የሚገኘውን የካ ክፍለ ከተማንና ከበላዩ የተዘረጋውን የእንጦጦ ተራራ ከዐለት መውጣት ስፖርት አንጻር ይመለከታል። መነሻ ጥያቄው የሚከተለው ነው፦ በየካ ተዳፋት ላይ ገደልና ቋጥኝ እያለ፣ ቦታው እንደ ገርዓልታ ለዐለት መውጣት ያልታወቀው ለምንድን ነው? ጽሑፉ የአካባቢውን ሥነ ምድር፣ የሰፈራና የደን ታሪክ እንዲሁም ሁለት ማነጻጸሪያዎችን፣ ማለትም በደቡብ ሕንድ የሚገኘውን ራማናጋራንና የትግራዩን ገርዓልታን ያገናዝባል። የጽሑፉ ክርክር ወሳኙ ነገር የገደሉ ቁመት አይደለም የሚል ነው። ወሳኞቹ ሁለት ናቸው፤ የድንጋዩ ስንጥቅ አቀማመጥ አንዱ ሲሆን፣ ተዳፋቱን አስቀድሞ ለኑሮው፣ ለእምነቱና ለውኃው የያዘው ሰው ድርሻ ሁለተኛው ነው። በመጨረሻም ለመስክ አጥኚዎች የሚያገለግል የምዘና ቅደም ተከተል ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ የካ፣ እንጦጦ፣ ዐለት መውጣት፣ ትራካይት፣ የማገዶ እንጨት፣ የድንጋይ ካባ

1. መግቢያ

አማርኛ ለተዳፋት ብዙ ስም አለው። ዳገት፣ አቀበት፣ ቁልቁለት፣ ተረተር፣ ገደል፣ ቋጥኝ፣ አምባ እያንዳንዳቸው የተለየ ቦታ ያመለክታሉ። ግሡ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ መውጣት። እንጦጦ ማርያም የሚሳለም ምእመን፣ በማለዳ ልምምድ የሚያደርግ ሯጭ፣ ጭራሮ ለመልቀም የምትሄድ እናት ሁሉም «ወጡ» ይባላል። እጅና እግርን አቀናጅቶ፣ ድንጋይ እየጨበጡ ሽቅብ መሄድን ለይቶ የሚገልጸው ቃል መቧጠጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ዐለት መውጣት» ሲባል ይህ ሁለተኛው፣ ማለትም ቧጦ መውጣት እንዲታሰብ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ በየካ ሁለቱ አወጣጦች በአንድ ተዳፋት ላይ ስለሚገናኙ አንዱን ያለ ሌላው ማጥናት አይቻልም።

ጥያቄው ለምን አሁን ይነሣል? በአንድ በኩል ዐለት መውጣት በቶኪዮው ኦሊምፒክ የውድድር ዓይነት ሆኖ ከገባ ወዲህ በየአገሩ የወጣቶችን ትኩረት ስቧል። በሌላ በኩል የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ ተራራው የመዝናኛ ቦታ ሆኖ በአዲስ መልክ መታሰብ ጀምሯል። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ፣ የትኛው ገደል ለምን ተግባር ሊውል ይችላል የሚለው ጥያቄ በጥናት እንጂ በግምት ሊመለስ አይገባውም። ጽሑፉ የመስክ ልኬት ውጤት አይደለም። የሚታወቁ የሥነ ምድርና የማኅበራዊ ታሪክ እውነታዎችን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ያሰባስባል።

2. መልክዐ ምድርና ሰፈራ

የካ ከመገናኛና ከቀበና አንሥቶ በኮተቤና በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል እስከ እንጦጦ ተረተር ይዘልቃል። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም ከምሥራቃዊው የየካ ክፍል የተወሰነው ወደ እርሱ ተዛውሯል። መገናኛ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ፣ ተረተሩ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሯጮች እንጦጦን የሚመርጡትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለቧጦ ወጪም ቢሆን ትንፋሽና ድካም በስሌት ውስጥ የሚገቡ ይሆናሉ።

ተረተሩ በአብዛኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ሲሆን የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ድንበር ነው። በደቡባዊው ገጽ፣ ማለትም በየካ በኩል የወረደ ዝናብ በቀበናና በሌሎች ጅረቶች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል። ከተረተሩ ጫፍ ጥቂት እርምጃ ወደ ሰሜን የወረደው ዝናብ ግን በሱሉልታ ሜዳና በሙገር በኩል አባይን ተቀላቅሎ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ያመራል። ስለዚህ በየካ ተዳፋት ላይ የሚደረግ ማንኛውም ሥራ፣ መንገድ መቁረጥም ሆነ ደን መመንጠር፣ ከታች ባለው ከተማ የጎርፍና የደለል ጉዳይ ነው።

የካ የሚለው ስም ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች አንዱ ከሆነው ከኤካ ጋር ይያያዛል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ መቀመጫቸውን በእንጦጦ ሲያደርጉ ምክንያታቸው ከሌሎች የአምባ ከተሞች የራቀ አልነበረም፤ ከፍታው ለመከላከል ያመቻል። ለኑሮ ግን አስቸጋሪ ሆነ። ብርዱ፣ ነፋሱና የማገዶ እጦቱ ተደማምሮ ከተማው ወደ ፍልውኃ ወረደ፤ አዲስ አበባም ተቆረቆረች። ይህ ታሪክ ለጥናታችን ጠቃሚ ፍንጭ ይሰጣል። በእንጦጦ ላይ የሰውን ውሳኔ ሲወስን የኖረው የገደሉ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የማገዶው ጉዳይ ጭምር ነበር።

3. ድንጋዩ ምን ይፈቅዳል?

የእንጦጦ ተራራ በአብዛኛው ከትራካይትና ከራዮላይት የተሠራ ሲሆን በመካከሉ የታመቀ የእሳተ ገሞራ አመድና ባልጩት ይገኛል። ዕድሜው 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል። ከበታቹ ከተማው የተንጣለለበት ባዛልትና ኢግኒምብራይት ከእርሱ እጅግ ያነሰ ዕድሜ አለው፤ በዙሪያው የሚታዩት የወጨጫ፣ የፉሪና የየረር ተራሮችም እንዲሁ ወጣቶች ናቸው። አካባቢው በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ስለሚገኝ ድንጋዩ በተደጋጋሚ ተሰነጣጥቋል።

ትራካይትና ራዮላይት ሲሊካ የበዛበት፣ እንደ ማር ወፍራም ሆኖ ከሚፈስ ቅላጭ የተወለዱ ናቸው። እንዲህ ያለ ቅላጭ ሩቅ ሳይሄድ ተከምሮ ይረጋል፤ ሲረጋም የአፈሳሰሱ መስመር በድንጋዩ ላይ ቀጫጭን ንጣፎች ሆኖ ይቀራል። ወለል ላይ በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ ስንጥቆቹ ይቀራረባሉ። ውጤቱን በየካ ተዳፋት ላይ የሚመላለስ ሁሉ ያውቀዋል። ቁራሹ ራሱ ጠንካራ ነው፤ በመዶሻ ሲመታ ያቃጭላል። ገደሉ ግን የጠንካራ ቁራሾች ክምር እንጂ አንድ ወጥ አካል አይደለም። ዐለት ለሚወጣ ሰው ይህ ልዩነት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። የጨበጠው ድንጋይ ባይሰበርም፣ ከነሙሉ ቁራሹ ሊነቀል ይችላል።

ዝናቡም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ይወርዳል። ውኃው በስንጥቁ ሰርጎ የፌልድስፓር ማዕድንን ቀስ በቀስ ወደ ሸክላነት ይለውጠዋል፤ ሸክላውም ሲርስ ቁራሽን ከቁራሽ የሚያንሸራትት ቅባት ይሆናል። ስለዚህ በበጋ የጸና የሚመስል ገጽ በነሐሴ ሌላ ገጽ ነው።

የየካ ዋሻ ሚካኤል የዚህን ታሪክ ሌላ ወገን ያሳያል። በተራራው ላይ ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራው ይህ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በትውፊት ከነገሥታት አብርሃና አጽብሃ ዘመን ጋር ሲያያዝ፣ ተመራማሪዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ጣሪያው ዛሬ የለም። ፈልፋዮቹ የመረጡት ለመሮ የሚበገርና ብዙ ስንጥቅ የሌለበት ዐለት መሆን ነበረበት፤ አለበለዚያ ግድግዳና ዓምድ ማውጣት ባልተቻለ ነበር። ከዚህ አንድ መርሕ ይወጣል። ለመፈልፈል የተመቸ ድንጋይ ለስላሳ በመሆኑ የወጪን ክብደትና የብረት ችካልን በአስተማማኝ ሁኔታ አይሸከምም፤ ችካል ሊይዝ የሚችለው ጠንካራው ትራካይት ደግሞ የተሰነጣጠቀ ነው። በየካ ለስላሳው ወጥ ነው፤ ጠንካራው የተከፋፈለ ነው። ዐለት መውጣት የሚፈልገው ጠንካራም ወጥም የሆነውን ሲሆን፣ ይህ በተራራው ላይ የሚገኘው በትንንሽ ቦታዎች ብቻ ነው።

4. ሁለት ማነጻጸሪያዎች

ከባንጋሎር በስተ ደቡብ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ራማናጋራ በዐለት ወጪዎች ዘንድ የታወቀች ኮረብታማ አገር ናት። በሕንድ ሲኒማ ታሪክ ስመ ጥሩ የሆነው «ሾሌ» የተሰኘው ፊልም፣ ለእይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን፣ የተቀረጸው በእነዚሁ ኮረብታዎች መካከል ነበር። ከተማዋ ክሎዝፔት ትባል በነበረበት ዘመን ለድንጋዩ የተሰጠው ስም እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ የክሎዝፔት ግራናይት 2.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ግራናይት በምድር ጥልቅ ውስጥ በዝግታ ይቀዘቅዛል። ስንጥቆቹ የተራራቁ ናቸው፤ በላዩ የነበረው ምድር ተጠርጎ ሲጋለጥም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በሰፋፊ ንብርብር እየተላጠ ክብ ጉልላት ይሆናል። ለዚህ ነው በራማናጋራ አንድ ወጥ የሆነ ረጅም ገጽ የሚገኘው።

ሆኖም የራማናጋራ ትምህርት በድንጋዩ አያበቃም። የአገሩ ሰው በሐር ትል እርባታ የታወቀ ነው፤ የከተማዋ የሐር ኩብኩባ ገበያ በእስያ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። ኮረብታው የራማ ቤተ መቅደስ ያለበት የተሳላሚዎች ቦታም ነው። በገደሉ ላይ ጥንብ አንሳ አሞራዎች ይጎጃሉ፤ ለእነርሱ ሲባልም ራማዴቫራ ቤታ የተባለው ኮረብታ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሞራ መጠለያ ተብሎ ታውጇል። ድንጋዩ ሁሉን በሚፈቅድበት አገር እንኳ ገደሉ ባለድርሻ እንደማያጣ ይህ ያሳያል።

በአገራችን ቅርቡ ምሳሌ ገርዓልታ ነው። እዚያ ገደሉ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ወደ አቡነ የማታ ጉሕ የሚወጡ ካህናትና ምእመናን በባዶ እግራቸው፣ በዘመናት መዳፍና ተረከዝ በለሰለሱ መጨበጫዎችና መርገጫዎች እየተመሩ ይወጣሉ። በደብረ ዳሞም ወደ አቡነ አረጋዊ ገዳም መግቢያው 15 ሜትር ገደማ የሚሆን ገደል በጠፍር ገመድ መውጣት ነው፤ ሴቶች አይፈቀድላቸውም። ማጅካ ቡርሃርት የተባለች አሜሪካዊት ዐለት ወጪ ከባልደረቦቿ ጋር በትግራይ የወጣችባቸውን ገደሎች የሚተርክ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትማለች። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ግን ለጎብኚውም ለነዋሪውም መንገዱን ዘግቶ ከባድ ጉዳት አድርሷል።

ከገርዓልታ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቧጦ መውጣት ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም፤ በመንፈሳዊ ሕይወት ውስጥ ከዘመናት በፊት ጀምሮ አለ። ሁለተኛ፣ መንገዱን የሚያውቀውና ሌላውን የሚመራው የቦታው ሰው ነው። እንግዳ በየትኛው መርገጫ ላይ እግሩን እንደሚያሳርፍ የሚነግሩት የመንደሩ ወጣቶች ናቸው።

5. አስቀድሞ የወጣው ሰው

በየካ ተዳፋት ላይ መንገዱን የሚያውቀው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የባሕር ዛፍን ታሪክ ማንሣት ግድ ይላል። የተራራው ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ከተጨፈጨፈ በኋላ፣ በ1880ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከመፈረስ አዳናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛፉ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ነገር ግን ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ ስለማይበረክት፣ ቅጠሉም ተጠርጎ ስለሚወሰድ አፈሩ ለጎርፍ ይጋለጣል። ዛሬ በየካ ብዙ ቦታ ላይ የሚታየው ራቁት ቋጥኝ በከፊል የዚህ ሂደት ውጤት ነው። ዐለት ወጪን የሚያስደስተው የተጋለጠ ድንጋይ ለአፈር ጥበቃ ባለሙያ የጉዳት ምልክት ነው።

በ1967 ዓ.ም. መሬት በመንግሥት ይዞታ ሥር ሲውል በከተማው ዙሪያ ያለው ባሕር ዛፍም የመንግሥት ደን ሆነ። ማገዶ የሚለቅሙ ሴቶች ከዚያ በኋላ ከደን ጠባቂ ጋር ድብብቆሽ የሚጫወቱ ሆኑ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት ስለ አዲስ አበባ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች በሰፊው አትቷል። ከዚያም ወዲህ አንዳንዶቹ ሸክሙን ትተው በሽመና የሚተዳደሩበት ማኅበር በእንጦጦ ሥር ተመሥርቷል። ሌሎቹ ግን ዛሬም በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ይወጣሉ። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው፣ ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ወደ ምድር ተደፍተው ይወርዳሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢስፋፋም መብራት በጠፋ ቁጥርና ገንዘብ ባጠረበት ቤት ሁሉ ፈላጊው ማገዶ ነው።

የዚህን ጉዞ መጠን ለመገመት ቀላል ስሌት ይበቃል። በቀን 400 ሜትር ከፍታ የምትወጣ፣ በዓመትም 250 ቀን የምትሠራ ሴት ብናስብ፣ የወጣችው ከፍታ በዓመት 100,000 ሜትር ይሆናል። ይህም ከባሕር ወለል እስከ ኤቨረስት ጫፍ ከ11 ጊዜ በላይ መውጣት ማለት ነው፤ ያውም መልሱ ከነሸክሙ። ስሌቱ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን በተራራ ስፖርት ጥናት ውስጥ እነዚህ ሴቶች ስማቸው አለመነሣቱ ምን ያህል ጉድለት እንደሆነ ያመለክታል። የትኛው ዱካ በክረምት እንደሚንሸራተት፣ የትኛው ቋጥኝ እንደሚናድ፣ ጅብ በየት እንደሚያልፍ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

1,300 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው የእንጦጦ ፓርክ ለከተማው ነዋሪ ንጹሕ አየርና መዝናኛ፣ ለአንዳንዶች ደግሞ ሥራ አስገኝቷል። በአጥርና በመግቢያ በር የተከለለ ተራራ ግን ለአንዱ መዝናኛ ሲሆን ለሌላዋ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ሊሆን ይችላል። ለዐለት መውጣት ተብሎ የሚከለል ገደልም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።

6. አንድን የዐለት ገጽ መመዘን፦ ለመስክ አጥኚዎች

ከላይ የቀረበው ወደ ተግባር ሲመለስ፣ አንድ ተመራማሪ በየካ ባለ ገደል ፊት ቆሞ በቅደም ተከተል ሊያነሣቸው የሚገቡ አምስት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛው የስንጥቆች ርቀት ነው። በገጹ ላይ ሜትር ዘርግቶ የሚያቋርጡትን ስንጥቆች መቁጠር የቁራሾቹን መጠን ያሳውቃል። ርቀቱ ከአንድ ክንድ ባነሰበት ቦታ መጨበጫው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው።

ሁለተኛው የስንጥቆች አቅጣጫ ነው። በኮምፓስና በዝንባሌ መለኪያ የሚወሰድ ሲሆን፣ ስንጥቁ ወደ ገደሉ ውጭ ካዘነበለ ቁራሹ በራሱ ክብደት ሊንሸራተት ዝግጁ ነው ማለት ነው። ወደ ውስጥ ካዘነበለ የበለጠ ይጸናል፤ ይሁንና ቀጥ ያሉ ስንጥቆች ተደርበውበት ከሆነ ወደ ፊት የመገልበጥ ዕድል ይኖራል።

ሦስተኛው የድንጋዩ ጤና ነው። በመዶሻ ሲመታ የሚያቃጭል ድንጋይና ደብዛዛ ድምፅ የሚሰጥ ድንጋይ አንድ አይደሉም። ሽሚት መዶሻ የተባለው መሣሪያ ይህንኑ በቁጥር ይገልጻል። ልኬቱ በበጋና በክረምት ማብቂያ ሁለት ጊዜ ቢወሰድ የዝናቡን ውጤት ለማነጻጸር ያስችላል።

አራተኛው ከገጹ በላይና በታች ያለው ነገር ነው። ከላይ የላላ ድንጋይና የባሕር ዛፍ ሥር አለ? የዛፍ ሥር በስንጥቅ ገብቶ ሲወፍር ድንጋዩን ይፈለቅቃል። ከታች መንገድ፣ ቤት ወይም የእረኛ መዋያ አለ? በየካ ከተዳፋቱ ግርጌ እስከ ገደሉ የተጠጋ ሰፈር ብዙ በመሆኑ፣ የወደቀ ድንጋይ የሚጎዳው ወጪውን ብቻ አይደለም።

አምስተኛው ድርሻ ነው። ቦታው ቤተ ክርስቲያን፣ ጸበል ወይም የጥንት ፍልፍል አለበት? ማገዶ ለቃሚዎች ይተላለፉበታል? አሞራ ይጎጅበታል? የጅረት መነሻ ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ከመሣሪያ ሳይሆን ከሰው ነው፤ ስለዚህም ከመዶሻው አስቀድሞ መጠየቅ አለባቸው። በቅደም ተከተሉ መጨረሻ የተቀመጠው ክብደቱ አንሶ አይደለም፤ ከፊተኞቹ አራት ጋር ተገናዝቦ ውሳኔ የሚሰጠው በእርሱ ስለሆነ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠው የተፈጥሮው ገደል ላይሆን ይችላል። ሥራቸውን የጨረሱ የድንጋይ ካባዎች በከተማው ዳርቻ ለአደጋ የተጋለጡ ጉድጓዶች ሆነው ይቀራሉ፤ ክረምት ውኃ ያቁራል፤ ሕፃናትና ከብቶች ይወድቁበታል። ካባ ቀድሞውኑ የተመረጠው ድንጋዩ ጠንካራ በመሆኑ ነው። በፈንጂ የተናጋው ክፍል ተጠርጎ፣ ውኃው ተፋስሶ፣ ግርጌው ቢታጠር፣ አጭርና በቅርብ የሚታይ መለማመጃ ሊወጣው ይችላል። ደን አይመነጠርም፤ ቅዱስ ቦታም አይነካም። ለጀማሪዎች ደግሞ በትምህርት ቤት ወይም በወጣት ማዕከል ግቢ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ግድግዳ ከማንኛውም ገደል ይቀድማል።

7. መደምደሚያ

የካ ራማናጋራ አይደለም፤ ድንጋዩ ረጅምና ወጥ ገጽ አይሰጥም። ገርዓልታም አይደለም፤ የዘመናት የአወጣጥ ትውፊት በገደሉ ላይ ተቀርጾ አይገኝም። ያለው የተሰነጣጠቀ ጠንካራ ድንጋይ፣ ጥቂት ለስላሳና የተቀደሰ ዐለት፣ ከበላዩ ደን፣ ከበታቹ የተጨናነቀ ከተማ፣ በመካከሉም በየማለዳው የሚወጣና የሚወርድ ሕዝብ ነው። ዐለት መውጣት በዚህ ስፍራ ሊጀመር የሚችለው በትንሹ፣ በተመዘነ ቦታና ከነዋሪው ጋር ነው።

ለቀጣይ ጥናት ሁለት ሥራዎች ይቀድማሉ። የመጀመሪያው በየካ ዳርቻ ያሉ ሥራቸውን ያቆሙ የድንጋይ ካባዎችን በካርታ ላይ ማስፈርና ከላይ በተዘረዘሩት አምስት ጥያቄዎች መመዘን ነው። ሁለተኛው የማገዶ ለቃሚ ሴቶችን ዱካዎች ከእነርሱ ጋር በመሆን መመዝገብ ነው። መመዝገቡ ግን ዱካውን ለጠባቂ ለማጋለጥ እንዳይውል አጥኚው አስቀድሞ ከእነርሱ ጋር መስማማት ይኖርበታል። ወደፊት በተራራው ላይ አስጎብኚ፣ የገመድ ያዥ ወይም የነፍስ አድን ሠራተኛ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ሥልጠናውና ክፍያው መጀመሪያ ሊደርሳቸው የሚገባው ተዳፋቱን ሲወጡ የኖሩት እነዚህ ሴቶችና ልጆቻቸው ናቸው።